ያልተጣለ መረብ ዜሮ አይባልም

የምክር ዓምድ

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። በዓሣ ሀብትና በውሃ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ አንድ የመንግሥት ምርምር መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩት ባለፈው መስከረም ነው። የተረከብኩት ፕሮጀክት የዝዋይ ሐይቅን ዓሦች በየወሩ ናሙና እየወሰደ ለሁለት ዓመት የሚከታተል ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሰኔ ላይ ሲለቅ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ናሙና ሳይወሰድ ቀረ፤ መኪናም በጀትም አልነበረም ይባላል። አሁን የዘጠኝ ወር ሪፖርት ደርሶ አለቃዬ ‹የግንቦትንና የመስከረምን አማካይ ወስደሽ ባዶዎቹ ላይ አስገቢበት፤ የተለመደ ነው› አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ልከራከራቸው ከበደኝ። ሌላም አለ። ወሩን ሙሉ ቢሮ ነኝ፤ ሐይቁ ዳር የማድረው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱንም በትክክል እየሠራሁት ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። አብረውኝ ከተማሩት ገሚሱ ኤን.ጂ.ኦ ገብቷል፣ ገሚሱ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ወጥቷል። እኔስ ልቆይ ወይስ ልሂድ? ምን ትመክሩኛላችሁ? ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ።»

እህታችን፣ የሚያስቸኩለውን እናስቀድም። ባዶዎቹን ባዶ ተያቸው። አማካይ አታስገቢ፤ ዜሮም አትጻፊ።

ምክንያቱን ከሐይቁ እንጀምረው። መቂና ከታር ጎርፋቸውን ይዘው ዝዋይ የሚገቡት በክረምት ነው። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ደለል ሲገባበትና ንፋስ ሲንጠው ቶሎ ይደፈርሳል። ብርሃን የሚደርስበት ጥልቀት ሲያንስ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚመገበው አልጌም አብሮ ይለዋወጣል። በእነዚያ ወራት ዓሣው ይወፍር ይክሳ፣ ዕንቁላል ይያዝ ይጣል፣ መረብ ውስጥ የሚገባው ይብዛ ይነስ ሄዶ ካላዩት አይታወቅም። የግንቦትና የመስከረም አማካይ ሲገባበት ሰንጠረዡ «በዚያ ዓመት ክረምት አልመጣም» እያለ ነው።

ስሌቱም ይበላሻል። አማካይ ሆነው የሚገቡት ሦስት ቁጥሮች ከሁለቱ ወራት የተወለዱ ናቸው፤ የራሳቸው ወሬ የላቸውም። ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም፤ ዘጠኙን ወር አሥራ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፣ መዋዠቁን አጥብቦ ያሳያል፣ ልዩነት በሌለበት ቦታ «ትርጉም ያለው ልዩነት» ብቅ ይላል። ጽሑፍሽን የሚገመግም ሰው ሦስት ወር በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲያይ ደግሞ በደንብ የተሠሩትን ዘጠኙንም ወራት መጠርጠር ይጀምራል።

ዜሮ ከአማካይም የከፋ ነው። ዜሮ ማለት መረብ ተጥሎ፣ አድሮ፣ ሲወጣ ባዶውን ሆነ ማለት ነው፤ ትልቅ መረጃ ነው። ያልተጣለ መረብ ግን ምንም አይልም። በዘጠኝ ወር ውስጥ አማካዩ በ100 ካሬ ሜትር መረብ 5 ኪሎ ከሆነና ሦስት ዜሮ ከጨመርሽበት አማካዩ ወደ 3.75 ይወርዳል፤ ከሐይቁ አንድ ዓሣ ሳይጠፋ የሐይቁን ዓሣ ሩብ በወረቀት አጠፋሽ ማለት ነው። ሕዋሱን ባዶ ካደረግሽው ኤክሴል አማካይ ሲያወጣ ይዘለዋል። ከጎኑ አንድ የማስታወሻ ዓምድ ክፈቺና «ናሙና አልተወሰደም፤ ተሽከርካሪ አልነበረም» ብለሽ ጻፊ። ግራፉ ላይም መስመሩ በክፍተቱ ላይ እንዲዘል አታድርጊ፤ ይቆረጥ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ሪፖርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቅንሽ ነበር። የመንግሥት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚበልጥበት አንድ ሀብት አለው፤ ዓመታት። ተማሪ አሥራ ስምንት ወር ሰብስቦ ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤት ይቆያል። በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙት ትልልቆቹ የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተወሰደው ናሙና ከ1999 እስከ 2001 ከተወሰደው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። እነዚህ ዓሦች በክረምቱ ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲሰበሰቡ የወንዙ አፍ ላይ በመረብ ይታፈሱ ነበር። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አንድ ሰው «ለማሟላት» ነካክቶት ቢሆን ኖሮ ንጽጽሩ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ክርክር አታድርጊው። እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው የአፈጻጸም ፐርሰንቱ ነው። የዘጠኝ ወር ሪፖርት ከሐምሌ እስከ መጋቢት ያለውን ነው የሚይዘው፤ ሰኔ ያለፈው በጀት ዓመት ነው። እንግዲህ ከተቀጠርሽ ወዲህ አንድም ወር ካልዘለልሽ ከዘጠኝ ጉዞ ሰባቱ ተሠርቷል፤ 78 በመቶ። ይህ ከነምክንያቱ ሲቀርብ የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። ቢሯቸው ገብተሽ እንዲህ በያቸው፦ «ዶክተር፣ ሁለቱን ወራት ከነምክንያታቸው ባዶ ላስቀምጣቸው። በቦታቸው የአስጋሪ ማኅበራቱን መዝገብ ሰብስቤ ለብቻው ላያይዝ። መጪው ክረምት ላይ እንዳይደገምም የጉዞ ዕቅድ አዘጋጅቻለሁ፤ ይዩልኝ።» ባዶ እጅሽን «አይሆንም» ከማለት ይህ ይሻላል፤ የሚፈርሙበት ነገር ይዘሽላቸው ገብተሻልና። አሁንም አማካዩ ይግባ ካሉ፣ ጥሬው መረጃ ላይ ሳይሆን ትንተናው ላይ፣ «ግምት» ተብሎ፣ በሌላ ቀለም፣ እንዴት እንደተሰላ ተጽፎ ይግባ። የመስክ ቅጾቹን ደግሞ ዛሬውኑ ስካን አድርገሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። በእርሳስ የተጻፈ፣ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት ወረቀት ከማንኛውም ኤክሴል በላይ ይታመናል።

ስለ ማኅበራቱ መዝገብ አንድ ሁለት ነገር ልብ በይ። መዝገቡ ኪሎ ነው የሚይዘው፤ ኪሎው ሙሉ ዓሣ ይሁን ፊሌቶ ጠይቂ። ከአንድ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ የሙሉ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ነውና ሁለቱን ከደባለቅሽ ስህተቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስንት ጀልባ፣ ስንት መረብ፣ ስንት ሌሊት እንደወጣም ካልተጻፈ ኪሎው ብቻውን ስለ ሐይቁ አይናገርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ሁሉ ዓሣ ይፈልጋል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሥራ የሚሠራው ሁሉ መረብ ይዞ ይወርዳል። የተረከበው ኪሎ ያሻቅባል፤ ሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን በአንድ ሳምንት አልበዛም። ስለዚህ ይህ መዝገብ በራሱ ገጽ ይቀመጥ፤ ካንቺ መረብ ቁጥር ጋር በአንድ ዓምድ አይግባ።

አሁን ወደ መጪው ክረምት። ክፍተቱ በአጋጣሚ የተፈጠረ እንዳይመስልሽ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ አሮጌው ሂሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ንብረት ክፍል ቆጠራ ላይ ይሆናል፣ አዲሱ በጀት ተለቆ ነዳጅና ውሎ አበል እስኪወጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ዝናቡና ጎርፉ ደግሞ ማንንም አይጠብቁም። የጽሕፈት ቤቱ ዓመት ባዶ የሚሆነው ልክ የዓሣው ዓመት ሲሞላ ነው፤ ሳትዘጋጂበት ከቀረሽ ክፍተቱ በየዓመቱ ይመጣል።

ማምለጫው ካላንደሩ ውስጥ አለ። ሐምሌ 1 በአውሮፓውያን ጁላይ 8 ነው፤ ስለዚህ ሰኔ 24 ጁላይ 1 ይውላል። የጁን ናሙናሽን ግንቦት 26 (ጁን 3) ውሰጂ፤ የጁላይን ሰኔ 24። መካከላቸው ልክ 28 ቀን ነው፤ ሁለቱም በአሮጌው በጀት ያልቃሉ። ሰኔ 24 ወጥተሽ በ26 ከተመለስሽ ሂሳቡን እስከ 30 ለማወራረድ አራት ቀን ይኖርሻል። ሳታወራርጂ እንዳታድሪ፤ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ስምሽ ላይ ካለ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያውን ጉዞ የሚያግደው እሱ ነው። ከዚያ በየ28 ቀኑ ብትሄጂ ቀጣዮቹ ሐምሌ 22 እና ነሐሴ 20 ላይ ይወድቃሉ። ለእነዚህ ሁለቱ የራስሽን መኪና አትጠብቂ። በዚያ መስመር ወደ ሐዋሳም ሆነ ወደ ሻሸመኔ የሚወጣ የሌላ የሥራ ክፍል መኪና ካለ አሁኑኑ ተስማሚ። ሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ የኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ በመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ መረብሽንና ኬሚካልሽን እዚያ አስቀምጠሽ፣ አንቺ መድረስ ባትችዪ እንኳ የእነሱ ቴክኒሺያን በአንቺ ቅጽና በአንቺ መረብ እንዲጥልልሽ መነጋገር ይቻላል። የእነሱን ስም ጽሑፉ ላይ ማስገባት ደግሞ ውለታ ሳይሆን ግዴታሽ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ለክረምቱ የሚያስፈልግሽ ሁሉ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከንብረት ክፍል ወጥቶ እጅሽ ይግባ። መጠየቂያው ሞዴል 20፣ ሲገዛ የሚገባበት ሞዴል 19፣ ላንቺ የሚወጣበት ሞዴል 22፤ ከሦስቱ አንዱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ፊርማ ቢጎድለው ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያየሽው ክረምቱ ያልፋል። መረብ ስታዝዢ ዝርዝሩን አንቺ ጻፊው፤ «የዓሣ መረብ፣ ብዛት 5» ብሎ የወጣ ጨረታ የሚያመጣልሽን አታውቂም። የቀዳዳው ስፋት ተለጥጦ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሴንቲ ሜትር፣ እያንዳንዱ 25 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ቁመት፣ ተንሳፋፊና እርሳስ የታሰረበት ብለሽ አስቀምጪ። ሲመጣ አሥር ቀዳዳ ለጥጠሽ በሜትር ለኪ፤ የ10 ሴንቲ ሜትሩ መረብ አንድ ሜትር ካልሞላ አትረከቢ።

ቀን አጻጻፍ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ አንቺም ከተረከብሽው ፋይል ውስጥ ፈትሺ። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ሐምሌ 5 ቀን 2016 ለማለት 05/11/2016 ብለሽ ብትጽፊ እሱ ኖቬምበር ወይም ሜይ 2016 ነው የሚለው፤ እውነተኛው ቀን ግን ጁላይ 12 ቀን 2024 ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፍ፤ የእኛው በአንድ ወገን፣ የአውሮፓውያኑ በሌላ ወገን። ሰዓትም እንደዚያው ነው። አስጋሪው «11 ሰዓት ጣልን» ሲል ከቀኑ 11 ነው፤ መለኪያ መሣሪያሽ ግን 17፡00 ነው የሚለው። አንድ ሰው ይህን ሳይለይ ሲገለብጠው መረቡ ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን የተጣለ ይመስላል።

«በትክክል እየሠራሁት ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም» ላልሽው፣ ራሱ መረጃው ይነግርሻል፤ እንዴት እንደምትጠይቂው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ዓሣ ክብደቱን በግራም በ100 አባዢና በሴንቲ ሜትር በተለካው ርዝመቱ ኩብ አካፍዪ፤ የሚወጣው ቁጥር ዓሣው ለርዝመቱ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይነግርሻል። 20 ሴንቲ ሜትርና 160 ግራም የሆነ ቆሮሶ 2 ይሰጥሻል። 50 ሴንቲ ሜትርና 900 ግራም የሆነ አምባዛ ደግሞ 0.72፤ ቀጭን ዓሣ ነውና። በኤክሴል አንድ ዓምድ ነው። ቆሮሶ ሆኖ 0.2 የወጣለት ካለ 160 ተብሎ መጻፍ የነበረበት 16 ተብሏል፤ 0.7 የወጣለት ካለ አምባዛ በቆሮሶ ስም ገብቷል። የወረስሽውን የቀድሞ መረጃም በዚሁ አበጥሪው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ተቋም ውስጥ ግን ማንም አይሠራውም።

የመረቡን ነገር በደንብ እንየው፤ ብልሽት የሚጀምረው እዚያ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አምስቱ መረቦች ሲወጡ የሁሉም ዓሣ አንድ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል። ይህ ከሆነ በኋላ የትኛው ዓሣ በየትኛው ቀዳዳ እንደተያዘ ማንም አያውቅም፤ መረቡ የሚመርጠውን መጠንም ማረም አይቻልም። አምስት የተለያየ ቀለም ያለው ባልዲ ያዢ፤ ለ6 ቢጫ፣ ለ8 ሰማያዊ እያልሽ። ዓሣው ሲወጣ ያበጠ ሆድና የነጣ ዓይን ካለው ቀድሞ የተያዘ ነው፤ ክብደቱን መዝኚ፣ ነገር ግን በማስታወሻ «የበሰበሰ» በይ። ዓሣውን በጨርቅ አድርቂና መዝኚ፤ ጀልባ ላይ አትመዝኚ፣ ሞገዱ ሚዛኑን ይጫወትበታል። ርዝመት ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው መጨረሻ፣ እስከ 0.1 ሴንቲ ሜትር። ካርፕ ሲመጣ «ካርፕ» ብለሽ አትለፊው፤ አፉ ጠርዝ ላይ አራት ጢም ያለው ኮመን ካርፕ ነው፣ ጢም የሌለው ክሩሺያን ካርፕ። ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው፤ አምስት መረብ፣ እያንዳንዱ 37.5 ካሬ ሜትር፣ ድምሩ 187.5። 9.4 ኪሎ ከተያዘ በ100 ካሬ ሜትር በአንድ ሌሊት 5 ኪሎ። ሌላ ሰው የሌላ ርዝመት መረብ ይዞ ቢመጣ የሚነጻጸረው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ መረብ አትጠብቂ፤ የምግብ ጥናት። ቆሮሶ የሚመገበው በአብዛኛው ቀን ነው። ማታ የተያዘው ዓሣ መረቡ ላይ ተንጠልጥሎ የበላውን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጨዋል፤ ጠዋት ሆዱ ባዶ ሲሆን «በዚህ ወር አይመገብም» ብሎ የጻፈ ብዙ ነው። ለሆድ ዕቃ ጥናት መረቡን ቀን ጥለሽ በየሁለት ሰዓቱ አንሺ። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ እንደምትፈለፍልም አትርሺ፤ በዚያን ጊዜ ባዶ ሆድ መሆኗ የተፈጥሮ ነው፣ መረብ ላይ ስትታገል ደግሞ ዕንቁላሉን ትተፋዋለች።

የመራቢያ አካሉን በኩሽና ሚዛን አትመዝኚ። 2 ግራም የሆነ የዕንቁላል ከረጢት በ1 ግራም ሚዛን ላይ ከ1.5 እስከ 2.5 ሁሉ «2» ነው፤ ሩቡን ያህል ተሳስተሻል። ከረጢቱን በላስቲክ አድርገሽ፣ ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ወፍራም ወረቀት አስገብተሽ፣ በበረዶ ይዘሽ ነይና ላቦራቶሪ ውስጥ በ0.01 ግራም መዝኚ። ስለ እርሳሱ አትዘናጊ። ማርከር አልኮል ሲነካው ይጠፋል፤ ስክሪብቶም አይታመንም። ላስቲኩ ላይ ከውጭ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ካለ ናሙናው ስም የለውም ማለት ይቻላል።

ናሙናውን ከመበስበስ የሚያቆየው ፎርማሊን ላይ ያለው ግራ መጋባት የቆየ ነው። ከሱቅ የሚመጣው ጠርሙስ 37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው፤ «10 በመቶ ፎርማሊን» ማለት ከዚህ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። 10 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ለመሥራት ብሎ 270 ሚሊ ሊትር የሚጨምር አለ፤ ዓሣው እንጨት ይሆናል፣ የሚሠራበትም ሰው ዓይኑ ይቃጠላል። በአንድ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦራክስ ጨምሪ፤ ያለ እሱ ፈሳሹ አሲድ ይሆናል። ትልልቁን ዓሣ በቀኝ ጎኑ ሆዱን ቅደጂ፤ ግራው ለፎቶ ይቅር። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የጆሮ ድንጋይ (ኦቶሊት) ለዕድሜ ንባብ ከተፈለገ ቀድመሽ አውጥተሽ ደረቅ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ፤ አሲድ የሆነ ፎርማሊን ይበላዋል። ለዲ.ኤን.ኤ የሚሆን ከሆነ ከቀኝ ክንፉ የጥፍር ያህል ቁራጭ በ96 በመቶ አልኮል፣ አልኮሉ የሥጋውን አሥር እጥፍ ይሁን፤ በማግስቱ ቀይሪው፣ ከሥጋው የወጣው ውሃ ያቀጥነዋልና። ይህን ቁራጭ ውጭ ላለ ላቦራቶሪ ለመላክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ መስጠት ወንጀል ነው። ፎርማሊኑ መኪናው ውስጥ ከሰው ጋር አይጓዝ። ጋሼ ሹፌሩ «ምን ችግር አለው» ቢሉም ከኋላ፣ ቆሞ፣ ታስሮ ይሂድ።

የኦክስጅን መለኪያው ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ልዩ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፍታውን ወይም የአየር ግፊቱን ካልነገርሻቸው ባሕር ጠለል ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። እዚህ 2,355 ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ዝዋይ 1,636 ሜትር ላይ ወደ 625። በ20 ዲግሪ ሙቀት አየር የጠገበ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ አዲስ አበባ 6.8፣ ዝዋይ 7.4 ነው የሚይዘው። ቢሮ ውስጥ ግፊቱን ሳትሞዪ ካስተካከልሽው ሐይቁ ላይ ያገኘሽው ሁሉ በሲሶ ያህል ይበልጣል፤ ዓሣ የሚታፈንበትን ውሃ ጤነኛ ነው ትያለሽ። ዳር ላይ ደርሰሽ፣ ክዳኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርገሽ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ፣ የዚያን ቦታ ግፊት ሞልተሽ አስተካክዪው። የለካሽበትንም ሰዓት ጻፊ፤ አልጌ በሞላበት ውሃ ኦክስጅን ከመንጋቱ በፊት ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ የአንድ ወር ጠዋትና የሌላ ወር ከሰዓት አይነጻጸሩም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ጀልባ ላይ ላለመገኘትም ጠዋት ይሻላል፤ ጉማሬ ያለበት ሐይቅ መሆኑም አይዘንጋ፣ ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት አትሳፈሪ።

የምትኖሪው አራት ኪሎ መሆኑ ለዚህ ሥራ ዕድል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ትምህርት ክፍልና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ እዚያው ናቸው። ያጠራጠረሽን ዓሣ በማሰሮ ይዘሽ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ ጋር ሂጂ፤ በፎቶ ከመሟገት ከተቀመጠ ናሙና ጋር አስተያዪው። ሰበታ ባለው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም የአንቺን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ አሉ፤ ቅጽሽን አሳያቸው፣ የእነሱንም ጠይቂ። ፊልድ በሌለበት ሳምንት ገበያ ላይ ሙሉ ዓሣ ካገኘሽ ገዝተሽ የጆሮ ድንጋይ ማውጣት ተለማመጂ፤ አዲስ አበባ የሚደርሰው ብዙው ፊሌቶ ሆኖ ስለሆነ ግን ከነጭንቅላቱ እንዲያስቀሩልሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከሃያ ዓሣ በኋላ እጅሽ ይለምዳል። ቀሪው ለጉላሽ ይሆናል።

ልቆይ ልሂድ ላልሽው አጭር መልስ አለን። ሁለት ክረምት በእጅሽ ሳይገባ አትልቀቂ። አንድ ክረምት ያለው መረጃ የዚያን ዓመት ዝናብ ከወቅት መለየት አይችልም፤ ሁለት ሲሆን ቢያንስ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ ለሦስተኛ ዲግሪ ስታመለክቺም «ይህን ሐይቅ በየወሩ ይዤዋለሁ» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ኤን.ጂ.ኦው ደመወዙ ይሻላል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መረጃው የት እንደሚገባ ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። መሥሪያ ቤትሽ ለትምህርት የሚልክሽ ከሆነ የትምህርት ውሉን አንብቢው፤ ከተመለስሽ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለብሽ፣ ዋስሽ ምን እንደሚጠየቅ፣ ትምህርቱ ቢራዘም ደመወዝሽ ምን እንደሚሆን ተጽፏል። የሰበሰብሽውን መረጃ ለመመረቂያ መጠቀም እንደምትችዪም በጽሑፍ ይፈቀድልሽ። በቃል የተባለው አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ለጊዜው ግን የሰኔ 24ቱን የመኪና ጥያቄ በግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት አስገቢ፤ ሰኔ ውስጥ ሁሉም የተረፈውን በጀት ለመጨረስ ስለሚወጣ መኪና አይገኝም። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚላከውን የድጋፍ ደብዳቤም አብረሽ አስፈርሚ።